ውሻውን «ቢጠይቁኝ» ያሉት ሰው

ይታይሽ ከወረታ የደወለችልኝ አባቷ አያ ፈንታ በተቀበሩ በአራተኛው ቀን ነው። ድምፅዋ ያስታውቅ ስለነበር «መርዶ ልትነግሪኝ ነው?» አልኋት።

«መርዶ ለዘመድ ነው» አለችኝ። «አንተን ያስታወስሁህ በዚያ በውሻው ቀበቶ ነው። እስካሁን ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አባየ ሳያወርዱት አለፉ። ምን እናርገው?»

ነገ እደውልልሻለሁ አልኋት። ነገር ማለስለስ አባቷም አያውቁበትም ነበር።

ዜና መጻፍ ከጀመርሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስሕተት ሠርቼ አውቃለሁ፤ የሰው ስም አሳስቻለሁ፣ አንዱን ቀበሌ ከሌላው አምታትቻለሁ። ሁሉንም በሚቀጥለው እትም አርሜአለሁ። እርማት ማውጣት አያሳፍረኝም፤ የሥራው አካል ነው። ሳላወጣ የቀረሁት አንዲት እርማት ብቻ ናት፤ እሷም የአያ ፈንታ ናት። ለእርማቷ የሚያስፈልገኝ ፍሬ ነገር ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ በገዛ እጄ ጽሕፈት ሰፍሮ ነበር። የጎደለኝ ወኔ ነው።

አያ ፈንታ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ግን አይጮሁም። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። በጣም ሲናደዱ ጆሮውን ያላስጠጋ ሰው አይሰማቸውም። ያን ጊዜ ቁጭ ይሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይደፏታል። ባርኔጣዋ ጉልበት ላይ ከወጣች በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ሲጮሁ የተሰሙት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ያወቅኋቸው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። «ልማታዊ ባለሀብት» እና «ልማታዊ ጋዜጠኛ» የሚሉ ቃላት ከየስብሰባው የማይጠፉበት ጊዜ ነበር። እኔ ሁለተኛው ነበርሁ። ከባሕር ዳር የተላክሁት፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ርብ ወንዝ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ የሩዝ ዘር ስለሚያባዛ አንድ የግል ድርጅት መልካም ዜና እንድጽፍ ነው። «መልካም» የምትለዋን ቃል ዋና አዘጋጁ ሁለት ጊዜ ደግመውልኛል።

መሬቱ ቀድሞ የወል ግጦሽ ነበር። አያ ፈንታ ከብቶቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ላይ ነው። ግጦሹ ሲወሰድ ከብቶቹን ሸጡና በገዛ መስካቸው ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ድርጅቱ ግቢውን በቆርቆሮ ወይም በሽቦ ማጠር አልፈለገም። የታጠረ መስክ ገበሬውን «የእኛ ነበር» ያሰኘዋል፤ በጎንደር መንገድ የሚያልፍ እንግዳም አጥር ካየ ምክንያቱን ይጠይቃል። ስለዚህ ባለሀብቱ ከውጭ አገር አንድ ትልቅ ውሻና አንድ የማይታይ አጥር አስመጣ።

አጥሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ሽቦ በግቢው ዙሪያ ስንዝር ጥልቀት ላይ ይቀበራል፤ ቢሮ ውስጥ ካለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሳጥን ጋር ይያያዛል። ውሻው አንገቱ ላይ ቀበቶ ይታሰርለታል። በቀበቶው ውስጥ በኩል ቆዳውን የሚነኩ ሁለት የብረት ጥርሶች አሉ። ውሻው ወደ ሽቦው ሲጠጋ ቀበቶው መጀመሪያ «ጢጥ» ይላል። አልመለስም ካለ ይነዝረዋል።

«አጥር ማለት የሚታይ ነው» አሉኝ አያ ፈንታ፣ ስለ አጥሩ መጀመሪያ ሳነሳባቸው። «የማይታይ አጥር ወጥመድ ይባላል።»

የሥራ አስኪያጁ ስም አቶ ዳግም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በክረምትም ጫማው ጭቃ የማይነካው ወጣት ነው። አጥሩ የሚሞከር ዕለት ለፎቶግራፍ ጠራኝ። ውሻውን «ጃክ» ብለውታል። ቀበቶው ታሰረለት።

«ፋዘር፣ ይልቀቁትና ዞር ይበሉ» አለ አቶ ዳግም። «ራሱ ይማራል። ሁለቴ ከነዘረው ሦስተኛ አይሞክራትም።»

ውሻው ተለቀቀና ሮጠ። «ጢጥ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮት? ወደ ፊት ሄደ። ነዘረው። ከውሻ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት እንኳ አላወቀም፤ እዚያው መስመሩ ላይ ሲሽከረከር ደጋግሞ ነዘረው። አቶ ዳግም ሰዓቱን ያያል።

አያ ፈንታ ገብተው ውሻውን አቅፈው አወጡትና ቀበቶውን ፈቱለት። ከዚያ የብረቱን ጥርሶች በመዳፋቸው ጨብጠው ወደ መስመሩ ተራመዱ። ክንዳቸው ሲዘል አየሁ። ተመልሰው መጡና ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አሁን አወቅሁት» አሉ፤ ለመስማት ጎንበስ አልሁ። «የማላውቀውን ዱላ በእንስሳ ላይ አላሳርፍም። እርስዎም ይቅመሱት፣ ጌታው።»

አቶ ዳግም ሳቀ። «ፋዘር ደግሞ! እኔ ውሻ ነኝ እንዴ?»

«ኧረ አይደሉም። ውሻስ ሲነግሩት ይሰማል።»

ከዚያ ቀበቶውን ወደ እኔ ዘረጉት። «አንተስ፣ ጋዜጠኛው? የምትጽፈውን ቅመሰው እንጂ።»

እስክሪብቶ ይዣለሁ አልኋቸው። ይህን ደብተሬ ላይ አላሰፈርሁትም።

የውሻውን ስም የቀየሩት ያን ዕለት ነው። በዚያ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ሰው ለባላንጣው ፊት ለፊት መናገር የማይችለውን በውሻው ስም ይነግረዋል፤ ውሻውን በጠራ ቁጥር ነገሩ ይደርሳል። አያ ፈንታ ውሻውን «ቢጠይቁኝ» አሉት። ሽቦው በየት በኩል ይቀበር ብሎ የጠየቃቸው የለም። ውኃ በየት በኩል እንደሚገባ የጠየቃቸው የለም። እንስሳ በምን እንደሚማር የጠየቃቸውም የለም። ከበረንዳው ሆነው «ቢጠይቁኝ! ና!» ሲሉ ቢሮ ውስጥ በደንብ ይሰማል።

አንድ ቀን አቶ ዳግም በመስኮት ብቅ አለ። «ማንን ነው እሱ?»

«ውሻውን ነዋ፣ ጌታው።»

«ስሙ ጃክ አይደል እንዴ?»

«እሱ የፓስፖርቱ ነው።»

ከአጥሩ ጋር አንድ እሽግ ትናንሽ ነጫጭ ባንዲራዎች መጥተው ነበር። ውሻው መስመሩን በዓይኑ እንዲለይ በሽቦው ዙሪያ ይተከላሉ። ተተከሉ። በማግሥቱ ጠዋት ከመንደሩ የመጡ ሰዎች ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ የተተከለው ምልክት ይህንኑ ይመስል ነበርና፣ ገበሬው መስኩ እንደገና ሊለካ ነው ብሎ ነው።

አቶ ዳግም ወጥቶ «ኧረ ለውሻ ነው የተተከለው!» ብሎ ጮኸ።

«ጉድ በል ፎገራ!» አሉ አንዲት ባልቴት፣ ነቅለው ያቀፏቸውን ባንዲራዎች መሬት ላይ እየጣሉ። «ለውሻም መሬት መስጠት ተጀመረ?»

ሳቅ ሆነ። ዛሬ ደብተሬን ሳገላብጥ ይህቺ ቦታ አታስቀኝም። ሰዎቹ የተሳሳቱት በባንዲራው እንጂ በነገሩ አልነበረም።

ነገሩን ያበረዱት አያ ፈንታ ናቸው። ባንዲራው ይቅር አሉና በሽቦው ዙሪያ በየጥቂት ርምጃው የቆመውን ሣር እየቋጠሩ ዞሩ። የተቋጠረ ሣር በዚያ ሜዳ «ከዚህ ወዲያ ከብት አይለፍ» ማለት ነው፤ ጽሕፈት የማያውቅ ሁሉ ያነበዋል። ገበሬው አነበበው። ቀጥሎ ውሻው እንዲያነበው ማስተማር ጀመሩ።

በረጅም ገመድ አሰሩት። የብረቱን ጥርሶች በወፍራም ጨርቅ ጠቀለሏቸው፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። «ጢጥ» ሲል «ተው!» ይሉና ወደ ቋጠሮው እያሳዩት በገመዱ ወደ በረንዳው ይመልሱታል። ሲመለስ አንገቱን ያሹለታል፤ ይታይሽ ከምታመጣላቸው ስንቅ ቁራሽ ያቀምሱታል። ለብዙ ቀን ይኸው ብቻ። ከዚያ ጨርቁን ፈተው አንድ ጊዜ አስነዘሩት፤ ምን ማለት እንደሆነ በዚያች ገባው። ከዚያ ገመዱን ፈቱለትና ከበረንዳው ላይ ሆነው ጠሩት። «ቢጠይቁኝ! ና!» ከየትም ይሁን ከየት እየበረረ እግራቸው ሥር ይወድቃል።

ከዕቃው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ አነበብሁት። ደረጃ በደረጃ እሳቸው የሠሩት ነው። ይህን ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም።

«በሬ አለማምደህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አያ።»

«ታዲያ ጠይቅ እንጂ! ደመወዝ የምትበላው ለመጠየቅ አይደለም? ድምፅ ይቀድማል፤ ጅራፍ ይከተላል። ጅራፍ ያስቀደምህበት በሬ ሰው ሲያይ ይበረግጋል እንጂ አያርስም።»

መመሪያው ግን አንድ የቀረ ደረጃ ነበረው፤ አነበብሁላቸው። ውሻው መስመሩን ከለመደ በኋላ አንድ መውጫ ይመረጥለታል። ቀበቶው ይወልቃል፤ በገመድ ተመርቶ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይወጣል። ቃሉን ካልሰማ አይወጣም፤ ከሰማ ግን መውጣት እንደሚቻል ያውቃል።

አያ ፈንታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይኸው ፈረንጁም አስቦታል! በር የሌለው አጥር ምን ይባላል? መቃብር ነው።»

ከግቢው በስተምሥራቅ፣ ከመስመሩ አሥር ርምጃ ወጣ ብሎ አንድ ጉብታ አለ። ከብት በነሐሴ ውኃ ሲመጣ የሚሸሸው እዚያ ነበር። ሽቦውን የቀበሩት ሰዎች ጉብታውን ከመስመሩ ውጭ ትተውታል፤ ለቢሮውና ለበረንዳው የመረጡት ቦታ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው፤ በበጋ ስላዩት ደረቅ መስሏቸዋል። አያ ፈንታ በሩን በጉብታው በኩል ሊያስተምሩት አሰቡ። ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ቢሮው ስንገባ እኔም አብሬአቸው ነበርሁ።

«አይሆንም» አለ አቶ ዳግም። «መውጣት የሚያውቅ ውሻ ይሰረቃል። ቃሏን የሰማ ሌባ ጠርቶ ይወስደዋል።»

«ነሐሴ ላይ ውኃ ይመጣል፣ ጌታው። ያን ጊዜ ማን ይጠራዋል?»

«እሱን ለእኛ ይተዉት። እርስዎ አይውጣ የተባለው እንዳይወጣ ያድርጉ፤ በቃ።»

አያ ፈንታ እኔን አዩኝ። ነገሩን ከእንግሊዝኛው ያነበብሁት እኔ ነኝ። መመሪያው ያለው እንዲህ ነው ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ደብተሬ ላይ ግን ጽፌአለሁ፤ «ጉብታው ውጭ። በር ተከልክሏል። ነሐሴ» ይላል። ዛሬም ይነበባል።

ዘገባዬ ወጣ። «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ በፎገራ» የሚል ርዕስ ነበረው። ጃክ የተባለው ውሻ የማይታየውን አጥር በሁለት ቀን መልመዱን ሥራ አስኪያጁ ገልጸዋል፤ ድርጅቱ ለአካባቢው ሠራተኞችም የሥራ ዕድል ፈጥሯል። አያ ፈንታ «የአካባቢው ሠራተኞች» ውስጥ አሉ።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። ይህ በፎገራ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታ ይወጣል፣ ሲጎድል ይመለሳል። የዚያ ዓመቱ ፈጠነ። መብራት ከሁለት ቀን በፊት ጠፍቶ ስለነበር አጥሩ አይሠራም፤ ውሻው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አቶ ዳግም ሠራተኛውን በመኪና ጭኖ ወደ ወረታ ሲወጣ ውሻውን «ግቢ ይጠብቅ» ብሎ ተወው። አያ ፈንታ ያን ዕለት ተረኛ አልነበሩም፤ ቤተሰባቸውን ወደ ከፍታ ያወጡ ነበር። ሲነገራቸው እየሮጡ መጡ። በእሳቸውና በግቢው መካከል የሚጋልብ ውኃ ነበር፤ ዋና አያውቁም። ታንኳ ያለው ዓሣ አጥማጅ እንዲጠራ ሰው ላኩና ከመንገዱ ድልድል ላይ ቆሙ።

የሚቀጥለውን ከሦስት ቀን በኋላ ከራሳቸው ሰምቻለሁ፤ ከዓሣ አጥማጁም አመሳክሬአለሁ።

ጉብታው ላይ የመንደር ውሾች ተኮልኩለዋል። ቢጠይቁኝ ሆዱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሆኖ መስመሩ ጋ ቆሟል። ቋጠሮዎቹ ሰጥመዋል፤ እሱ ግን ቦታቸውን ያውቃል። ደረቁ መሬት ከፊቱ አሥር ርምጃ ላይ ነው።

አያ ፈንታ ጮሁ። «ቢጠይቁኝ! ና! ና!»

ውሻው ሰማ። ዞሮ እየዋኘ ወደ በረንዳው ሄደ።

«ና» ማለት ለእሱ ያ ነበር። ያንን ቃል ከሌላ ቦታ ሰምቶት አያውቅም። በረንዳው ላይ ፈልጎ ሲያጣቸው ወደ መስመሩ ተመለሰ። እንደገና ጠሩት። እንደገና ውኃው ወደሚጠልቅበት ወደ በረንዳው ሄደ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቆጥረዋል፤ ቁጥሩንም ነግረውኛል፤ ያ ከእኔ ጋር ይቅር። በመጨረሻ አፋቸውን በገዛ እጃቸው ያዙ።

«ዝም ብል ይሰጥማል፤ ብጠራው እኔው ወደ ጥልቁ ሰደድሁት» አሉኝ። ባርኔጣዋ ጉልበታቸው ላይ አልነበረችም፤ ውኃው ወስዷታል።

ታንኳው ሲደርስ ውሻው የተገኘው በረንዳው ላይ ነው። ዓሣ አጥማጁ ቀበቶውን ፈቶ አመጣላቸው።

ውኃው ሲጎድል አቶ ዳግም ተመለሰ። እኔ ባለሁበት ነው እንዲህ ያለው፦ «በደንብ ስላልሠለጠነ ነው።»

አያ ፈንታ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድም ቀን «እርስዎ» ሳይሉ አነጋግረውት አያውቁም ነበር።

«አንተ!» አሉት። ድምፃቸው እንደ ትንፋሽ ነበር። «በጣም በደንብ አስተምሬው ነው የሞተው። አጥሩን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በሩን የከለከልኸው አንተ ነህ። ይሄ ደግሞ» አሉና ወደ እኔ አዩ፣ «ሰምቶ ነበር።»

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ባሕር ዳር መጡ። ቢሮዬ ሲገቡ ጋዜጣው በእጃቸው ተጠቅልሏል። ዘገባዬን አንብብልኝ አሉኝና አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እኔ የታለሁ?» አሉ።

«የሉም፣ አያ።»

«በሩስ?»

«የለም።»

«ሁለት ቀን ማለትህ ምንድን ነው? አይተህ የለም እንዴ?»

«ሥራ አስኪያጁ እንደገለጹት ነው የጻፍሁት።»

«እኔን ተው። እኔን የሚያውቀኝ ያውቀኛል። የውሻውን ስም አርመው። በሌላ ሰው ስም ነው የሞተው።»

አርማለሁ አልኋቸው። ቃል ገባሁ። እርማቱን ጽፌ ለዋና አዘጋጁ ወሰድሁ። «ለውሻ እርማት?» ብለው ሳቁና፣ «ደግሞስ መልካም ዜና ተነግሮለት ያለቀ ድርጅት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ወረቀቱን መለሱልኝ። እኔም ተቀበልሁ። ሌላ ጋዜጣ ነበር፤ አልሞከርሁም። ዋና አዘጋጁ በሰጡኝ ሰበብ ይህን ያህል ዓመት ተኛሁበት። አቶ ዳግም የሚመጣውን አላወቀም ብል እንኳ፣ እኔ ጽፌ አስቀምጬ ነው የተውሁት።

አያ ፈንታ ተመልሰው አልመጡም። ወረታ በሄድሁ ቁጥር በሩቁ አያቸዋለሁ። ሌላ ውሻ አላሳደጉም።

ይታይሽ ስትደውል የጠየቀችኝን የቀበቶውን ነገር እስካሁን አልመለስሁላትም። በማግሥቱ እኔ ደወልሁ። የተመለሰልኝን ወረቀት ከካርቶኑ አግኝቼው ነበር፤ የጎደለውን ጨምሬ አነበብሁላት። «ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ፈጅቷል» ከሚለው ላይ አስቆመችኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ደብተሬ ላይ ነው ያለው።»

«ደብተርህ ተሳስቷል። አሥራ ስድስት ቀን ነው። ስንቅ ያመላለስሁት እኔ ነኝ። ምነው አትጠይቅም ነበር?»

አረምሁት። ይኸው፦

እርማት። «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ በፎገራ» በሚል ርዕስ በወጣው ዘገባ «ጃክ» የተባለው ውሻ ትክክለኛ ስሙ ቢጠይቁኝ ነው። ያሠለጠኑት አያ ፈንታ ናቸው። ሥልጠናው የፈጀው ሁለት ቀን ሳይሆን አሥራ ስድስት ቀን ነው። አጥሩ በር አልነበረውም። ዘጋቢው ይህን ያውቅ ነበር።